ዘር ድንች ዘር አይደለም

የደባርቅ ገበሬ «ዘር ድንች» ይላል። የዳባት ነጋዴም «ዘር ድንች» እያለ ይገዛል፣ ይሸጣል። የግብርና ባለሙያውም ሪፖርቱን የሚጽፈው በዚሁ ስም ነው። እኛ ግን ዛሬ ነገር ፍለጋ ተነስተናል። ዘር ድንች ዘር አይደለም። ብዙዎቻችን እንደምንገምተው ሥርም አይደለም። ድንች ግንድ ነው። አፈር ውስጥ የተኛ፣ የወፈረ፣ ስንቁን በሆዱ የያዘ ግንድ። «ዓይን» የምንለው ስርጉድ ቦታ በማንኛውም ቅርንጫፍ ላይ ቡቃያ ከሚወጣበት አንጓ አይለይም። እውነተኛው የድንች ዘር ሌላ ነው። ተክሉ ካበበ በኋላ አንዳንዴ ያልበሰለች ቲማቲም የምትመስል አረንጓዴ ፍሬ ያፈራል፤ ዘሩ እሷ ውስጥ ነው። (ፍሬዋ መርዝ ስላላት ልጆች እንዳይቀምሷት!) እሷን ለቅሞ የሚዘራ ገበሬ ግን የለም ማለት ይቻላል። ገበሬው የሚተክለው ግንዱን ነው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል አይጠፋም። ድንቹ ይጠበስ፤ ግን ቀስ ብሎ።

ስለ አገራችን እርሻ የተጻፈውን ታሪክ ብታገላብጡ በአብዛኛው የዘርና የሞፈር ታሪክ ነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፤ በሬ፣ ጥማድ፣ ርስት፣ ግብር። ከግንድ ቆርጦ መትከል በዚህ ታሪክ ውስጥ ቢገኝ እንኳ ጥግ ይዞ ነው። ምክንያቱ አይጠፋንም። ቆርጦ መትከል በአብዛኛው የጓሮ ሥራ ነው። የጓሮ ሥራ ደግሞ የእናቶቻችን ሥራ ነው። የእናቶቻችንን ሥራ ደግሞ (እዚህ ላይ ድምፃችንን ትንሽ ከፍ እናድርግ) ዜና መዋዕል ጸሐፊ ተከትሎት አያውቅም።

ዛሬ የምንለው አንድ ነገር ነው። ዘርን ነጋዴም፣ ወታደርም፣ ስደተኛም ያሻግረዋል። ግንድ ግን ሰው ከሚያውቀው ሰው አልፎ ብዙ አይሄድም። የስሜን ተራሮችን ግርጌ ታሪክ በግንድ በኩል ብናየው የጉርብትና ታሪክ ሆኖ እናገኘዋለን። ጉርብትና ሲታወክ ምን እንደሚጠፋም አብሮ ይታያል።

ዘር ይጠብቃል፣ ግንድ አይጠብቅም

በአማርኛችን ሁለቱ ቃላት ሲገናኙ «የዘር ግንድ» ይሆኑና ሰው አባቶቹን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥርባቸዋል። በዚህም የተነሳ ስንት ጣጣ እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዛሬ አንገባበትም። ተክል ላይ ግን ዘርና ግንድ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው።

ገብስ ደርቆ ጎተራ ይገባል። ዓመት ቢቆይ አያኮርፍም። በስልቻ ተቋጥሮ፣ በአህያ ተጭኖ አገር ያቋርጣል። የሚሸከመው ሰው የሚዘራውን ሰው ማወቅ አይጠበቅበትም። ከእናቱ ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ግን ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ቢላዋው ካረፈበት ደቂቃ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ወይም በኮባ ቅጠል ካልተጠቀለለ፣ ጥላ ካላገኘ፣ ብዙም ሳይቆይ ይጠወልጋል። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፦ ማን እንደሚወስደውና የት እንደሚተከል። ይህ ደግሞ የገበያ ጉዳይ ሳይሆን የመተዋወቅ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይከብዳል። ዘር ልጅ ነው፤ ከአበባ ተወልዷል፣ እናቱን ሊመስልም ላይመስልም ይችላል። ከግንድ ተቆርጦ የጸደቀ ተክል ግን ልጅ አይደለም፤ ራሷ እናቲቱ ናት። ጎረቤታችሁ ከሰጠቻችሁ ጽጌረዳ ላይ ቆርጣችሁ ብትተክሉ የምታበቅሉት ያንኑ የጎረቤታችሁን ጽጌረዳ ነው። እሷም ከእናቷ ደጅ ያመጣችው ከሆነ ያንኑ የእናቷን። ደግነቱም አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ወደ አደጋው ኋላ እንመለሳለን።

ሥር የሌለው እንጨት እንዴት ሥር ያወጣል? ሳይንሱ ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1928 ፍሪትስ ቬንት የተባለ ሆላንዳዊ በአጃ ቡቃያ ላይ ባደረገው ሙከራ ተክል ከጫፉ ወደ ታች የሚልከው ዕድገት አዛዥ ንጥረ ነገር እንዳለ አሳየ። ኦክሲን ይባላል። በ1930ዎቹ ደግሞ ይኸው ንጥረ ነገር ሥር እንደሚያስወጣ ታወቀ። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ኦክሲኑ ወደ ታች መውረዱን አያቆምም፤ ሄዶ ሄዶ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ይጠራቀማል፣ ሥርም ከዚያ ይፈነዳል። እናቶቻችን ቃሉን አያውቁትም። ነገር ግን ቅርንጫፍን ገልብጦ መትከል ድካም ብቻ እንደሆነ፣ የላዩ ላይ የታቹ ታች መሆን እንዳለበት ቬንት ሳይወለድም ያውቁት ነበር።

ይህ ጸጋ ታዲያ ለሁሉም አልተሰጠም። የስሜን መለያ የሆነው ጅብራ ለዓመታት ቆሞ ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ከጅብራ ቆርጠን እንትከል የሚል ካለ ጊዜውን ነው የሚያባክነው።

ሊማሊሞን የወጣው መንገደኛ

ደባርቅን ለማያውቃት፦ ከተማዋ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከእሷ ወዲያ ሊማሊሞ ነው፤ ገደል ነው፤ ከገደሉ በታች ቆላው፣ ከቆላው ወዲያ ተከዜ፣ ከተከዜ ወዲያ አድዋና ምጽዋ። ዛሬ የምናውቀው ጥምዝምዝ መንገድ የኢጣሊያኖች ሥራ ቢሆንም አቀበቱ ግን ከእነሱ በፊት ለዘመናት የጎንደር የባሕር በር መውጫ ነበር። ከቀይ ባሕር ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው፣ ዕቃ፣ ወሬና ተክል በዚህ በኩል ያልፍ ነበር።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ይህን አቀበት ከወጡት መንገደኞች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። በወገራ አድርጎ ጎንደር ገባ። ከዓመታት በኋላ አገሩ ተመልሶ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ የመጨረሻውን ቅጽ ባብዛኛው ለዕፅዋትና ለእንስሳት ሰጠው። ከሣላቸው ዕፅዋት መካከል ሦስቱ ለእኛ ወሬ ይጠቅማሉ፤ ሦስቱም ከዘር ይልቅ በቁራጭ የሚባዙ ናቸውና።

አንደኛው ቁልቋል ነው። ብሩስ ስሙን እንደሰማው «ኮልኳል» ብሎ ጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1791 በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ዩፎርቢያ አቢሲኒካ የሚለው ሳይንሳዊ ስም ወጣለት። ሁለተኛው ኮርች ነው፤ በኋላ ኤሪትሪና ብሩሴይ ተብሎ የራሱ የብሩስ ስም ተሰጠው። (ስሙ የስኮትላንዳዊ ይሁን እንጂ ዛፉ ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ አይበቅልም።) ሦስተኛው እንሰት ነው፤ ጎንደር ላይ ደህና አድርጎ እንደሚበቅል ጽፏል።

ቁልቋልና ኮርች የአጥር ዕፅዋት ናቸው። ሁለቱም ሲቆረጡ አይሞቱም፤ ቁራጩ ራሱ አጥር ይሆናል። ከቁልቋል ክንድ የሚያህል ተቆርጦ፣ ነጩ ወተት እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ይሰነብትና ደረቅ መሬት ላይ ይተከላል። ወተቱ ዓይን ያጠፋልና ሲቆረጥ ፊትን ማዞር ነው። የኮርች ወፍራም ጉማጅ ደግሞ ከክረምቱ መግቢያ ላይ ተተክሎ ምሶሶ የነበረው ዛፍ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ታጥሯል፣ ማሳ ታጥሯል፣ መቃብር ታጥሯል። የድንጋይ አጥር የሚፈርስ ሲሆን የግንድ አጥር ዓመት ዓመት ይወፍራል።

እንሰት ከሁሉም ይገርማል። ደቡብ ላይ ሚሊዮኖችን የሚመግበው ይህ ተክል እኛ ዘንድ ኮባ ተብሎ በቅጠሉ ብቻ ይታወቃል። ድፎ ዳቦ ያለ ኮባ ምን ዳቦ ነው? አባዛዙንም እንይ። አፈር ውስጥ ያለው ወፍራም አካል፣ ልክ እንደ ድንቹ፣ ግንድ ነው። ደቡብ ላይ የጉራጌና የሲዳማ ገበሬዎች ይህን ግንድ አውጥተው፣ የመሐሉን ቡቃያ ነቅለው ይቀብሩታል። ዋናው ጫፍ ሲጠፋ የተኙት ቡቃያዎች ሁሉ ይነቃሉ፤ ከአንድ ግንድ ብዙ አሥር ችግኝ ይወጣል።

ጣሳ፣ ቢላዋና ሐምሌ

ከአጥር ወደ ደጃፍ እንግባ። በደባርቅም በዳባትም፣ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም ቢሆን፣ ባዶ የዘይት ጀሪካንና የወተት ጣሳ ዕጣ ፈንታው አንድ ነው፦ ከታች ይበሳል፣ አፈር ይሞላል፣ የሆነ ነገር ይተከልበታል። ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ናና፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጽጌረዳ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከሱቅ አልተገዙም። «እስቲ ከዚህች ቁረጪልኝ» ተብሎ የመጣ ነው።

እንዴት እንደሚደረግ እናቶቻችንን ብትጠይቁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሱታል፤ «ቆርጠሽ ሻጥ ነው!» ይሏችኋል። ሻጥ ከማድረጉ በፊት ግን እጃቸው ሳይናገሩ የሚሠራው ብዙ ነገር አለ። ለጋውን ይተዋል፣ ያረጀውንም ይተዋል፤ እርሳስ የሚያህለውን፣ ሲጎብጥ የሚለምጠውን ይመርጣል። ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው ቁራጭ ይቆርጣል። የታቹን ጫፍ ከአንጓው ሥር ሰያፍ፣ የላዩን ቀጥ አድርጎ፤ ኋላ የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ እንዳያደናግር። አበባና እንቡጥ ካለው ይቀጠፋል፤ ሥር የሌለው ተክል አበባ የሚቀልብበት አቅም የለውምና። የታች ቅጠሎች ይረግፋሉ፣ ከላይ ጥቂት ብቻ ይቀራሉ። ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጥላ፣ ልከኛ እርጥበት፣ ትዕግሥት። ሥር አወጣ አላወጣ ብሎ እየነቀሉ ማየት ለልጆች እንኳ አይፈቀድም።

ጊዜውም ይታወቃል። ደጋው ላይ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል ለጋ ቁራጭ አይችለውም። በጋው ደግሞ ያደርቃል። ስለዚህ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ፣ ሰማዩ ራሱ ውኃ አጠጪ ሲሆን ነው። ሐምሌ ጎጆ ለጎጆ መሄጃ የሚያሳጣ ወር ነው ይባላል፤ ጭቃውን ረግጦ ጎረቤት የሚሄድ ሰው ምክንያት ያስፈልገዋል። አንዲት የጤና አዳም ቅርንጫፍ ደህና ምክንያት ናት።

የውቤ ደብርና የሽምፐር ድንች

አሁን ወደ ድንቹ እንመለስ። ድንች ወደ አገራችን የገባበትን ታሪክ የሚያወሱ ጽሑፎች አንድ ስም ይጠራሉ፦ ቪልሄልም ሽምፐር። ዓመቱንም እ.ኤ.አ. 1858 ይላሉ፤ በእኛ 1850 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው።

ሽምፐር እ.ኤ.አ. በ1804 የተወለደ ጀርመናዊ ሲሆን በ1837 ኢትዮጵያ የገባው ዕፅዋት ሊሰበስብ ነበር። ለአውሮፓ ሙዚየሞች ከትግራይና ከስሜን በሺዎች የሚቆጠሩ የደረቁ ናሙናዎች ላከ። ዛሬም በብዙ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ጅራት ላይ «ሽምፐሪ» የሚል ቃል ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። ሰውየው ግን ሰብስቦ እንደሚሄደው እንግዳ አልነበረም። እዚሁ አገባ፣ እዚሁ ወለደ፣ በ1878 አድዋ ላይ እስከሚሞት ድረስ እዚሁ ኖረ።

ሊኖር የቻለውም አንድ ስሜኔ ስለተቀበለው ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንን፣ ኋላም ትግራይን የገዙ፣ የዘመነ መሳፍንት ብርቱ ሰው ነበሩ። ለሽምፐር አገር ሰጥተው ሾሙት። ደረስጌ ማርያምንም አሠሩ። ደብሯን ያሠሯት ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሊቀቡባት ነበር ይባላል። የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ፤ በቀናት ውስጥ በዚያችው በውቤ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ሽምፐር ሹመቱን አጣ። ኋላም መቅደላ ላይ ከታሰሩት አውሮፓውያን አንዱ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው የተፈታው።

ድንቹ እንግዲህ የመጣው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ነው፤ ደጋፊው ወድቆ፣ እሱ ገና ሳይታሰር። ታሪክ የሚጽፈው ዘውዱን ነው። ደጋው ላይ ግን ከዚያ ዘመን ቤት ቤት የገባው ዘውዱ ሳይሆን ድንቹ ነው።

ወዲያው አልገባም ታዲያ። ድንች በሰፊው የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በተራዘመው ረሀብ ምክንያት እንደሆነ ይጻፋል። እኛ ክፉ ቀን የምንለው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አይችልም፤ ገብስና ጤፍ ያለ ሞፈር አይሆኑለትም። ድንች ግን መቆፈሪያና ጓሮ ካገኘ ይበቃዋል፤ በሦስት፣ በአራት ወር ይደርሳል። ከጓሮ ወጥቶ እርሻ ለመባል በሬው መሞት ነበረበት ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሁሉም አንድ ሲሆን

ቅድም አደጋ ብለን የተውነውን እናንሳው። ከግንድ የተባዛ ተክል ሁሉ ራሷ እናቲቱ ከሆነ፣ እናቲቱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ይገድላል። ዘር ቢሆን ኖሮ ከመቶ አንዱ ተለይቶ ይተርፍ ነበር።

የዓለም ምስክሩ አየርላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የአየርላንድ ድሀ በአብዛኛው «ላምፐር» የሚባል አንድ ዓይነት ድንች ይተክል ነበር። በ1845 ቅጠል የሚያጠቁረው የድንች ዋግ ገባ። እስከ 1852 በዘለቀው ረሀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ረሀቡ የመጣው በበሽታው ብቻ አልነበረም፤ እህል ከአገሪቱ እየተጫነ ይወጣ ነበርና። ማሳው በሙሉ አንድ ተክል መሆኑ ግን በሽታውን መንገድ ጠርጎ ጠበቀው።

ሩቅ ነው የሚል ካለ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ትግራይን ይመልከት። በለስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከውጭ የገባ ተክል ነው። ጠፍጣፋው «ቅጠል» የምንለውም (እንደገመታችሁት) ግንድ ነው፤ ተቆርጦ መሬት ላይ ቢጣል ይጸድቃል። በዚህ ቀላልነቱ ተራራ ለተራራ ተዳረሰ፣ የክረምት ምግብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ወደ ትግራይ ገባ። ነፍሳቱ ከተከለለት ወጣ፣ በለሱን ይበላው ጀመር፤ ሰፊ የበለስ ምድር አደረቀ።

የእኛም ድንች ዋጉን ያውቀዋል። ክረምት ላይ፣ ጉሙ ደጋውን ሲሸፍነው፣ የቆየው ድንች በቀናት ውስጥ ጠቁሮ ይወድቃል። የምርምር ማዕከላት መልስ የሰጡት በሽታውን ደህና አድርገው የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣት ነው። አዴት የግብርና ምርምር ዘንገናንና ጓሳን፣ ሆለታ ደግሞ ጃለኔን፣ ጉደኔን (እ.ኤ.አ. በ2006) እና በለጠን (በ2009) አወጡ። ጉደኔና በለጠ በክልላችን ደጋዎች በሰፊው ተተክለዋል። ነገር ግን እነሱም ግንድ ናቸው። ቫይረስ የያዘው ድንች ሲተከል ቫይረሱም አብሮ ይተከላል። ከዓመት ዓመት ከራስ ማሳ እየተመረጠ ሲቀጥል ምርቱ ይወርዳል፤ ገበሬው «ዘሩ አረጀ» ይላል። ያረጀ የሚመስለው ግን በሽታው ከዓመት ዓመት እየተጠራቀመበት ስለሚሄድ ነው።

20 ኩንታል ተሸክሞ የሚሰደድ የለም

ለአንድ ሄክታር የሚበቃ የገብስ ዘር ከአንድ ኩንታል ብዙም አይበልጥም። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ዘር ድንች ግን 20 ኩንታል ገደማ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉት። ገብሱ በአንድ አህያ ጀርባ ይሄዳል። ድንቹ መኪና ይፈልጋል፤ ያውም እንዳይቀጠቀጥ፣ እንዳይሞቀው፣ እንዳይበሰብስ። ከተነሳም በኋላ በጨለማ ከተከማቸ ረጅምና የሰለለ ጉንቁል ያወጣል። ስለዚህ የተማሩ ዘር አባዦች ብርሃን የሚገባበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ የማይመታው፣ ቆጥ በቆጥ የተሠራ መጋዘን ይሠሩለታል። ድንቹ እዚያ ላይ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ጉንቁል ያወጣል። ዘር ድንች ንብረት ብቻ ሳይሆን ቀላቢ የሚፈልግ ነዋሪ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በነሐሴና በጳጉሜን፣ ጦርነቱ እዚህ ደረሰ። ዳባት ወረዳ ጭና ላይ የሆነውን የሰማ አይረሳውም፤ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፣ ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። እዚህ ላይ ስለ ድንች ማውራት ያሳፍር ይሆናል። ነገር ግን የሞተው ከተቀበረ በኋላ የቀረው ሰው ምን ይተክላል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የሸሸ ሰው ገብስ ቋጥሮ ሊሸሽ ይችላል። 20 ኩንታል ድንች ተሸክሞ የሚሰደድ ግን የለም። የቀረውን ዘር ድንች ደግሞ ረሀብ ያገኘው ሁሉ ይበላዋል፤ ዘርና ቀለብ አንድ አካል ነውና። ገብስም ይበላል፤ ድንች ግን ቢተርፍ እንኳ የሚዘረጋው፣ የሚገለብጠው፣ የበሰበሰውን የሚለቅመው ሰው ከሌለ ራሱን በራሱ ይጨርሳል።

ስለዚህ ከሽሽት የተመለሰ ገበሬ የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ዘንድ ተርፏል?» ነው። ይህም በመጽሐፍ የማይገኝ፣ በመተዋወቅ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ነው። በድንች አገር ጎረቤት ማጣት ዘር ማጣት ነው የምንለው ለቅኔ አይደለም።

አሁን አንድ አዲስ ነገር እየመጣ ነው፤ አዲስነቱም አሮጌ በመሆኑ ነው። በሽታ የሌለበት የድንች ችግኝ በላቦራቶሪ ከበቀለ በኋላ ነፍሳት የማይገባበት ቤት ውስጥ ይተከላል። ከዚያም የለጋው ጫፍ፣ ማለትም ቀንበጡ፣ እየተቆረጠ በትሪ ላይ ሥር እንዲያወጣ ይደረጋል። ከአንዱ እናት ተክል ደጋግሞ ይቆረጣል። ሥር ያወጣው ቀንበጥ ለዘር አባዢ ገበሬ ይሰጣል፤ እሱ ተክሎ ንጹሕ ዘር ድንች ያወጣበታል። የቪየትናሟ የዳላት አካባቢ ገበሬዎች ይህን ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሠርተውበታል። ኬንያም ገብታበታለች፤ ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል በኢትዮጵያም ይዞት መጥቷል። 20 ኩንታል የሚከብደው ነገር መነሻው በትሪ የሚያዝ ሆነ ማለት ነው። የሚሠሩትም ያንኑ የእናቶቻችንን «ቆርጠሽ ሻጥ» ነው።

የራሱ አበሳ ግን አለው። ቀንበጥ እንደማንኛውም ቁራጭ አይጠብቅም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ ደባርቅና ዳባት በደንብ ቀምሰውታል። መንገድ ሲዘጋ ገብስ ይጠብቃል፣ ማዳበሪያ ይጠብቃል፤ ቀንበጥ ግን በሳምንት ውስጥ ሞቶ ያድራል። ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም ሆለታ ላይ የሚባዛ ቀንበጥ የደባርቅን ገበሬ በክፉ ቀን አይደርስለትም። የሚደርስለት እዚያው፣ በአንድ ጠዋት የእግር መንገድ ውስጥ ያለ ችግኝ ጣቢያ ነው። የሚመለከተው አካል ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው። ካላሰበም ገበሬዎቹ ሲያስቡት ማገዝ ይችላል።

የማን ግንድ ነው?

አንድ ነገር ጨምረን እንሰናበት። ቆቃ አካባቢ ባሉ ሰፋፊ የፕላስቲክ ቤቶች ውስጥ ወጣት ሴቶች በየቀኑ የአበባ ቀንበጥ ይቆርጣሉ። ቀንበጡ ተቆጥሮ፣ በከረጢት ታሽጎ፣ በአውሮፕላን አውሮፓ ይገባል፤ እዚያ ሥር አውጥቶ በረንዳ ያስጌጣል። ኢትዮጵያ አበባ ብቻ ሳይሆን የተቆረጠ ግንድም ትልካለች። እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ግንድ ግን ባለቤት አለው። ዝርያውን ያወጣው ኩባንያ ሳይፈቅድ ቆርጦ ማባዛት አይቻልም። እኛም በአዋጅ ቁጥር 481/1998፣ ኋላም በ1068/2010 የዕፅዋት አዳቃዮች መብት የሚባል ሕግ አለን። ሕጉ የገበሬውንም መብት አንስቷል፤ እሰየው።

በአውሮፕላን የሚሄደው ግንድ ተቀባዩን አያውቅም፤ ያንን የሚያሳካለት ቀዝቃዛ ሳጥን፣ ነዳጅና ውል ነው። በሐምሌ ጭቃ የሚሄደው ግንድ ውል የለውም። ያለው ይሉኝታ ነው፤ ዛሬ የቆረጠችላችሁ ጎረቤት ነገ የእሷ ቢደርቅባት ወደ እናንተ ትመጣለች። መጠባበቂያ ጎተራዋ የእናንተ ደጅ ነው። የደባርቅ ገበሬም ዘር ድንቹን ለዘመድ ሲያካፍል የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በራሱ ማሳ ቢጠፋበት የሚመለስበት ቤት እያዘጋጀ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ክረምት አንድ ነገር ሠርታችሁ እለፉ። ሐምሌ ሲገባ ከደጃችሁ ካለው ነገር፣ ጽጌረዳም ይሁን ጤና አዳም፣ ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ለሦስት ቤት ስጡ። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ የዘንድሮ ዘር ድንች ማን ዘንድ እንደተቀመጠ፣ ስንት ዓይነት እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉት። ዜና መዋዕል ጸሐፊ አልጻፈውምና እኛ እንጻፈው።

ቸር እንሰንብት።